በር ላይ የቆመው ሮቦት

ከሚሴ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ኢክላስ፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አሠሪና ከተበላሸ ሊፍት ይጠብቅሽ። ሦስተኛውን የጨመርኩት ባለፈው ወር ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብሽ እንደነበር ስለሰማሁ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ የያዛት ጉንፋን ድምፅዋን ትንሽ አሻከረው እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። የቤታችሁ ስልክ እየተቆራረጠ አላነጋግር ስላለ እህትሽ ፈይሩዝ የእናትሽን ድምፅ እየቀዳች በየጁምዓው ትልክልሻለች። እስካሁን አምስት ሳይደርስሽ አልቀረም።

በደብዳቤ የመጣሁብሽ ጉዳዬ ረጅም ስለሆነ ነው። በስልክ ሰው “ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ” ተባብሎ ይዘጋል። ይህን የሚያመጣልሽ ኸይረዲን የሚባል የባቲ ልጅ ነው። ልብስ ይነግዳል፣ በየወሩ ጅዳ ይመላለሳል፣ ጨዋ ነው። መልስሽንም ለእሱ ስጪው።

ቪዲዮ ቤቴን ስልክ እንደዘጋብኝ ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ ፊልሙን በኪሱ ይዞ ሲዞር የእኔን አግዳሚ ወንበር ማን ይፈልጋል። ሃያ ዓመት ማይክ ጨብጬ የፈረንጅ ፊልም በአማርኛና በኦሮምኛ ስተርክ ኖሬ፣ አሁን ለግድግዳ ላወራ ነው ብዬ ስተክዝ፣ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አስጠራኝ። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚነበብላቸው ታሪክ እንድጽፍ ፈለጉ። ስለ ሮቦት ይሁን፣ ግን ሮቦቱ እዚሁ ጨፋ ይኑር አሉኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከታሪኩ በፊት ሕጉን አወጣሁ። ፊልሞቹ ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ሮቦት ያለ ሕግ ከቤት እንደማይወጣ ነው። ሕጉን ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ይጽፉታል፣ ፊልሙ ሳይጋመስ ይፈርሳል፣ ከዚያ ከተማ ይቃጠላል። እኔ ከሚሴን ማቃጠል አልፈልግም። ስለዚህ ለሮቦቴ፣ ስሙን በድሩ ብዬዋለሁ፣ ሦስት ሕግ ሰጠሁት። ሰው አይጎዳም። አማና፣ የተሰጠውን አደራ፣ ይጠብቃል። አይዋሽም። ልጆቹ በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት።

አንቺ በምታጸጂበት ሆስፒታል ውስጥ እውነተኛ ሮቦት አለ ብለሽ ነበር። ምን ምን ይሠራል? ሕግስ አለው? ይዋሻል? ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ልጆቹ ፊት እንዳላፍር።

አጎትሽ ቃሲም


ጅዳ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ቃሲም፣
ከሚሴ።

ወዐለይኩሙሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ብዕርዎንም ያርዝመው። ደብዳቤዎን አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች አበደች አሉ። እኔ ደህና ነኝ። ሊፍቱም ተጠግኗል።

ሮቦቱ ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ጎማ የተገጠመለት ቁም ሳጥን ይበሉት። ከመድኃኒት ክፍል ተነስቶ ፎቅ ለፎቅ መድኃኒት ያደርሳል። እኛ ሐበሾቹ ሙሽራው እንለዋለን፤ ነጭ ለብሶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ ቀስ እያለ ስለሚሄድ። ስለ ሕጉ ሮቦቱን የሚጠግነውን ሰውዬ ጠየቅኩልዎ። ሰው ፊቱ ከቆመ ይቆማል። ሌላ ሕግ የለውም።

ይዋሻል ወይ ላሉኝ መልሱ አስቸገረኝ። የሚናገረው አንዲት ሴት ድሮ የቀዳችለትን ድምፅ ነው። “እባክዎን መንገድ ይልቀቁልኝ፣ አላህ ይፈውስዎ” ይላል። አንድ ቀን ግድግዳ ፊት ተገትሮ ግድግዳውን አላህ ይፈውስዎ፣ አላህ ይፈውስዎ ሲለው አገኘሁት። ከልቧ የመረቀች ሴት ናት ድምፁ ሲሰማ። ግን አሁን ማንን እየመረቀች እንደሆነ አታውቅም። ይህ ውሸት ይሁን አይሁን እርስዎ ይፍረዱ።

የእማ ድምፅ በየጁምዓው ይደርሰኛል። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ነው የምሰማው። “አከም ጅርታ ልጄ፣ ፈያዳ?” ብላ ደህንነቴን ስትጠይቀኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ልመልስላት ይቃጣኛል። ጉንፋኑ ግን አልለቀቃትም። ሐኪም ያሳዩአት።

አጎቴ፣ ስወጣ ያስማልኩዎን አይርሱ። አባቴ የሞተ ጊዜ በስደት ላለ ሰው መርዶ አይነገርም ብላችሁ አምስት ወር ደበቃችሁኝ። በሰው ሰርግ ላይ ሳጨበጭብ የማላውቃት ሴት “አባትሽን አላህ ይማረው” አለችኝ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። በእማ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ከሰው ሁሉ በፊት ከእርስዎ አፍ ልሰማ ነው ቃል የገቡልኝ።

የእህትዎ ልጅ ኢክላስ


ከሚሴ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ኢክላስ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ መንገድሽን ሁሉ እንደ ሙሽራው መንገድ ለስላሳ ያድርግልሽ። እናትሽ ደህና ናት። እኛም ደህና ነን። የግድግዳውን ነገር ለልጆቹ ሳነብላቸው አግዳሚ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳቁ።

በድሩን መጀመሪያ ሰንበቴ ገበያ አስገብቼ ደላላ አደረግሁት። ገዢው በሬውን እየዳሰሰ “ያርሳል?” ብሎ ይጠይቀዋል። በድሩም “ሁለት ዓመት አርሷል፣ አሁን ግራ እግሩን ያመዋል፣ ባለቤቱ የሚሸጠውም ለዚህ ነው” ይላል። እስከ እኩለ ቀን አንድ ፍየል አላሻሻጠም። ደላሎቹ ተሰብስበው በጨዋ ደንብ ሸኙት። ሕግ ያለው ሰው ገበያ ላይ ምን እንደሚገጥመው ልጆቹ ቶሎ ነው የገባቸው።

ከዚያ ጨፋ ሮቢት አንዲት አሮጊት ቀጠሩት። ችግሬ እዚያ ጀመረ። የአሮጊቷ ዓይን እየጠፋ ነው። ልጃቸው ከባቲ ወዲያ ቆላ ወርዶ ግመል ይነግዳል። አሮጊቷ በድሩን “ልጄ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣብኝ፣ አደራህን ዓይኔን እንዳትነግርበት፣ አማናዬ ነው” አሉት። አንድ ቀን ልጅየው መጥቶ ከደጅ ቆሞ “እናቴ ደህና ናት?” ይላል። በድሩ በር ላይ ነው። ቢናገር አማና በላ። ደህና ናቸው ቢል ዋሸ። ዝም ቢል ደግሞ ሰው መጉዳት ሊሆን ነው። ሦስቱም ሕግ አንድ ላይ ያዙት። እዚያው ቆሞ ቀረ። ከብቶቹ በአጠገቡ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ጎረቤት ጃንጥላ ያንጠለጥልበታል።

ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ ሰረዝኩ። በሃያ ዓመት ባየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የሮቦት ሕግ ስለ መግደል ነው። ስለ መደበቅ የሚናገር አላጋጠመኝም። ልጆቹም ለሁለት ተከፈሉብኝ። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ታስቀድሚያለሽ? ደህና አድርገሽ አስቢበትና ጻፊልኝ።

ሌላ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አንገት ላይ የሚታሰር ለስላሳ ፋሻ፣ ቆዳ የማይፍቅ ዓይነት፣ ከዚያ ብትልኪልን። እዚህ የሚገኘው ሻካራ ነው።

አጎትሽ ቃሲም


ጅዳ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እርስዎንም በድሩንም ከበር ላይ ያንሳችሁ። ፋሻውን ሦስት ጥቅል ልኬአለሁ። እዚህ ለሕፃናት የሚያደርጉት ነው፣ ከጥጥ ይለሰልሳል። ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ አላህ ያሽረው።

ስለ በድሩ ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። መልሴ ይኸው። አማናውን ይጠብቅ። አሮጊቷ ያመኑት እሱን ነው፣ ቃላቸውን ገበያ አያውጣ። ነገር ግን “ደህና ናቸው” አይበል። ዝም ይበል። እኔን የአባቴ ነገር ያቆሰለኝ ዝም ስላላችሁኝ አልነበረም። በደወልኩ ቁጥር “ደህና ነው፣ እርሻ ሄዷል፣ መስጂድ ሄዷል” ስላላችሁኝ ነው። የሞተ ሰው አምስት ወር እርሻ አስኬዳችሁት። አንዳችሁ ዝም ብትሉኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር። በድሩ በር ላይ ዝም ብሎ ይቁም። ልጅየው እናቱን የሚወድ ከሆነ ከዝምታው ይረዳዋል፣ ገፍቶት ይገባል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፣ እንዳይስቁብኝ። ኸይረዲን ሽማግሌ ልላክ ብሎኛል። ደብዳቤ እያመላለሰ ነው እንግዲህ የተዋወቅነው። ትንሽ ነው የሚናገረው፣ የሚናገረው ግን አይለዋወጥም። እኔ ልቤ ወዶታል። ግን የእማን ቃል ሳልሰማ እሺ አልለውም። ለእማ በድምፅ ልኬላታለሁ። በዚህ ጁምዓ ካልመለሰች በሚቀጥለው እጠብቃለሁ። እርስዎም ያስታውሱልኝ። እሺ ወይም እምቢ ትበለኝ፣ በራሷ ድምፅ።

የእህትዎ ልጅ ኢክላስ


ከሚሴ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢክላስ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። እዚህ ከመስከረም ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወረደም። አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ የጨፋ ሣር ከወዲሁ ቢጫ ሆኗል። ልጆቹ በፈተና ምክንያት ንባቡን አቋርጠዋል። በድሩም እንዳቆምኩት ቆሟል።

ፋሻው እጅግ ጥሩ ነው። ከተገኘ ሌላ ሦስት ጥቅል ላኪ።

ስለ ኸይረዲን የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። የልጁን ሁኔታ እኔም ወድጄዋለሁ። ስለ ሌላው ጉዳይ ጊዜ ስጪኝ። ረመዳን እየመጣ ነው፣ አላህ በሰላም ያድርሰን።

ቃሲም


ጅዳ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ቃሲም።

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ጽፌ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልዎ። መንገደኛ አልጠብቅም። አራት ጊዜ ደወልኩ፣ ስልክዎን አያነሱም። ፈይሩዝ ዘንድ ስደውል እማ ሶላት ላይ ናት ትለኛለች፤ በሦስተኛው ለሶላት ሰዓት እንዳልሆነ ስነግራት አለቀሰችና ዘጋችው።

የመጨረሻውን ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። “እናትሽ ደህና ናት” የሚል የለበትም። በፊት አንድም ቀን አስቀርተውት አያውቁም። አጎቴ፣ እኔ ያወጣሁትን ሕግ እኔው ላይ ነው የሠሩበት።

በዚህ ጁምዓ የደረሰኝ የእማ ድምፅ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። “ዝናቡ አላስወራ አለኝ ልጄ” ትላለች። እርስዎ ደግሞ ጠብታ የለም ብለው ጽፈውልኛል። የድሮዎቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ሰማሁ። ሃያ ሦስት ናቸው። በአሥራ አንዱ ላይ ያው ዝናብ አለ። ጉንፋኑም ያው ነው፣ አምስት ወር ሙሉ አልባሰም አልተሻለም። ስለ ኸይረዲን የጠየቅኋትን ሰባት ጁምዓ ጠበቅሁ። ምግብሽን ብይ፣ ውሃ ጠጪ፣ አላህ ይጠብቅሽ ትለኛለች። ግድግዳው ፊት እንደቆመው ሙሽራ ሆነችብኝ።

ትናንት ኸይረዲን ደብዳቤዎን ይዞ መኖሪያችን በር ላይ መጣ። “ቤታችን ገብተህ ነበር?” አልኩት። “ገብቻለሁ” አለ። “እማ ደህና ናት?” አልኩት። ዝም አለ። ጫማውን አየ። ሂድ ብለው አልሄደም፣ ግባ ብለው አልገባም። የያዘውን ፌስታል እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ይገባኛል ብዬ ጽፌልዎ ነበር፣ ገባኝ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እናቴ ሞታለች? ከሞተች መቼ ሞተች? ፋሻውስ የማን አንገት ላይ ነው የታሰረው? ፊት ለፊት ይንገሩኝ። ከእንግዲህ ደግ ውሸት አልችልም።

ኢክላስ


ከሚሴ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢክላስ፣ እናትሽ በሕይወት አለች። ወላሂ አለች። ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። ሰላምታውን ወደ ኋላ ያደረግሁት ይህን መስመር ቀድመሽ እንድታነቢ ነው። አሰላሙ ዐለይኪ ወረህመቱላህ፣ ልጄ።

ጉንፋን አልነበረም። ጉሮሮዋ ውስጥ እብጠት በቀለባት። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሞቹ ክፉ ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ይውጣ፣ ሲወጣ ግን ድምፅሽም አብሮ ይሄዳል አሏት። ቤት ስንመለስ ፈይሩዝን ስልኩን አምጪ አለቻት። ያ ሳምንት ዝናቡ አያባራም ነበር። እያንዳንዱን ጁምዓ ለብቻው አድርጋ፣ ሠላሳ ቀዳች። አንዱን ጨርሳ ውሃ ትጠጣለች፣ ትንሽ ታርፍና “አከም ጅርታ ልጄ” ብላ ሌላውን ትጀምራለች። እኔ ዕቃ የማነሳ መስዬ ወጣሁ። መስከረም ስድስት ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እብጠቱ ወጥቷል፣ አልተመለሰም ብለውናል። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተበጀ ቀዳዳ ነው። ፋሻሽ እዚያ ላይ ነው ያለው። የላክሽው አንቺ እንደሆንሽ ታውቃለች፣ በእጇ እየዳሰሰች ትስመዋለች።

አትንገሩብኝ ያለችው እሷ ናት። ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብላ ፈርታ መስሎኝ ነበር፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። እናትሽ በሴቶች ዱዓ ላይ መንዙማ ስታወጣ ከመንገድ ማዶ ሰው ቆሞ ይሰማት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ምሽት ጠርታኝ “ቃሲሜ፣ መልስ ለማይሰጥ ሰው ማን ይደውላል? ድምፄ በስልኩ እስካለ ልጄ ትስማኝ” አለችኝ። ከአፏ ከሰማኋቸው የመጨረሻዎቹ ቃላት ናቸው። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት። ስልኩ ይቆራረጣል ያልኩሽም ለዚህ ነበር።

አንቺም አስምለሽኛል፣ እሷም አስማለችኝ። በድሩን በር ላይ ያቆምኩት እኔ ራሴ እዚያ ስለቆምኩ ነው። ስድስት ወር አልተንቀሳቀስኩም። ዝም ይበል ብለሽ ስትጽፊልኝ እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ደህና ናት ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ግን ውሸቱ ከእኔ ብዕር ወጥቶ በየጁምዓው በስልክሽ ይገባ ነበር። እሱን እንዳላየሁ ሆንኩ። በደልኩሽ። በአባትሽ ጊዜ በደልኩሽ፣ አሁንም ደገምኩት።

ኸይረዲንን አትቀየሚው። ኅዳር ላይ መልስሽን ሊያደርስ ቤት ገብቶ እናትሽን እንዳለች አያት። እጁን ይዛ፣ ዓይኑን እያየች በምልክት አማና አሰረችው። ሲወጣ “ከጠየቀችኝ አልዋሻትም” ብሎኝ ነው የሄደው።

ዛሬ ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ረጅም ሰዓት አለቀሰች፤ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ከዚያ ስልኩን አንስታ ለፈይሩዝ ሰጠቻትና በጣቷ ወደ አንቺ ወደ ምድረ ዐረብ አመለከተች። ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ደውዪ። ስልኩን ሳፋ አጠገብ አደርግላታለሁ። ሳፋውን አንድ ጊዜ ከመታች አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከመታች አይደለም ማለት ነው። ሕጉን አስጠንቻታለሁ።

አጎትሽ ቃሲም


ጅዳ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ቃሲም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፣ ለእማም አፊያውን ያሟላላት። እንደ ልማዴ በእጄ ጻፍኩ። ኸይረዲን ነው የሚያመጣው።

የደብዳቤዎ ፎቶ የደረሰኝ ቀን ሥራ አልገባሁም። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ አለች፣ አለች እያልኩ ክፍሉን ዞርኩት። አሁንም ንዴቴ ጨርሶ አልወጣም፣ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ግን እሷ ከፊቴ ቆማ አትንገሪ ብትለኝ እኔስ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያችኋለሁ።

ጁምዓ ስደውል ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። “እማ፣ አከም ጅርታ” አልኳት። ሳፋው አንዴ ኳ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ሩዝ ስለሚያሳርሩት አብሮ አደሮቼ አወራሁላት። አምስት ወር ሙሉ እሷ ስታወራ እኔ ሰሚ ነበርኩ፤ አሁን እኔ አወራሁ እሷ ሰማች። ኳ ትላለች፣ እቀጥላለሁ። አጎቴ፣ መልስ ለማይሰጥ ሰው ማን ይደውላል ብላ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የቆየነው። ሂሳቡ ባያልቅ አሁንም እዚያ ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ ስለ ኸይረዲን ጠየቅኳት። ሲጠየቅ እንዳልዋሸኝ፣ አማናዋንም እንዳልበላ ነገርኳት። “እማ፣ እሺ ልበለው?” አልኳት። ሳፋው ዝም አለ። አንድ ነው ሁለት ብዬ ስጠብቅ ፈይሩዝ “ቆይ፣ ልታመጣ ሄደች” አለችኝ። ምን ልታመጣ እንደሄደች ሳልጠይቅ ሰማሁት። ድቤው ነው። ፈይሩዝ እንደነገረችኝ ድምፅዋ ከሄደ ወዲህ ገልብጣ የሰቀለችውን ድቤ አውርዳ፣ የሙሽራ መሸኛውን ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታችልኝ። በእህቷ ልጆች ሰርግ ላይ የምትመታውን። ግጥሙን እኔ ከዚህ አወጣሁላት፣ ድምፄ ለመንዙማ እንደማይሆን ታውቃለች። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ተነስተው አጨበጨቡ። ያወጡትን ሕግ ገና በመጀመሪያው ቀን አፈረሰችው አጎቴ፣ እንደ ፊልሞቹ። ከተማ ግን አልተቃጠለም።

ለልጆቹ በድሩን አሁን ከበሩ ያንሱላቸው። ልጅየው ገፍቶት ይግባና እናቱ አጠገብ ይቀመጥ። በሰሌዳውም ላይ አራተኛ ሕግ ይጨመርልኝ፦ ሮቦት በሰው ድምፅ ተናግሮ ሰውዬው አሁን ያለ አያስመስል። ከሦስቱ በፊት ይጻፍ፣ ለእኔ ሲባል።

ከዒድ በኋላ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፣ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ስድስት ጥቅል ፋሻ ይዣለሁ። ሽማግሌዎቹን እስክመጣ ያስቆዩልኝ፣ ከሳፋው አጠገብ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሰባት ጁምዓ ቀርቷል። ፈይሩዝ ከእንግዲህ እንዳትልክልኝ፣ እንዳታጠፋቸውም ይንገሩልኝ። ስመጣ እማ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ሰባቱንም አብረን እንሰማቸዋለን።

የእህትዎ ልጅ ኢክላስ